የተራ ዳኛውን ያልጠየቅኩት ጥያቄ

ለማስተርስ የተመዘገብኩ ሰሞን ባለቤቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ስትጨርስ ደሞዝ ይጨምሩልሃል?»

«አይጨምሩም።»

«ታዲያ አሁን ደግሞ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?»

ታውቀኛለች። የተጣላሁት ከአንድ ሐረግ ጋር ነበር። ወደ ላሊበላ የሚመጣ አሠልጣኝ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ «ዲጂታል ትራንስፎርሜሽን» የሚለውን እንደ ጠበል ይረጭብናል፤ እኛም አበላችንን ተቀብለን እንበተናለን። ሃያ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ያላወቅኩትን ነገር መስደብ አሳፈረኝ። ተምሬ፣ በማስረጃ ልሰድበው ቆረጥኩ። እናም የቢዝነስ ስትራቴጂና የዲጂታል ትራንስፎርሜሽን የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ሆንኩ። ዓርብ ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ በጋሸና በኩል ወልድያ እወርዳለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ከልጆቼ ብዙም የማይበልጡ የባንክ ሠራተኞች ነበሩ። ትምህርቱ ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት እንግዳ ወደ ተራራው ገዳም የሚያወጡትን የከተማችንን ባለ በቅሎዎች ነው። ጠዋት ጠዋት ከአንድ ወይራ ሥር ይሰበሰባሉ። ድንጋይ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ዛሬ አንተ፣ ቀጥሎ አንቺ» እያሉ ተራ ይሰጣሉ። የተራ ዳኛ ይሏቸዋል። ወረቀት የላቸውም። ማን ትናንት እንደወጣ፣ የማን በቅሎ ጀርባው እንደተላጠ፣ ማን ለቅሶ ላይ እንደሆነ ሁሉም በጭንቅላታቸው ነው። እንግዳ በሳሳበት በዚህ ዘመን አንድ ተራ ማጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ከወይራው ሥር ዱላ ሲነሳ አላየሁም።

የፈለግኩትን አገኘሁ። ከጥቅምት በፊት ጽሑፌን ጨርሼ የእኚህን ሰው አእምሮ ማንም በስልክ እንዳይተካው፣ ቢተካው ማኅበሩ እንደሚፈርስ በአምስት ምዕራፍ አስረዳሁ። አማካሪዬ ወጣት ሰው ነው፤ ወደደው። «ደፋር ሐሳብ ነው መምህር፤ በዚሁ ይግቡ» አለኝ። ጽሑፌን ለፈታኞች የማቀርብበት ዲፌንስ ከገና በፊት ተቀጥሮ ነበር።

ከዚያ በከንቱ ውዳሴ ተያዝኩ። ሽማግሌው የሚሞገሱበትን ሦስተኛውን ምዕራፍ ይዤ ወይራው ሥር ሄድኩና አነበብኩላቸው። ባለ በቅሎዎቹም ቆመው ሰሙ።

«ጨረስክ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ጨረስኩ አባባ።»

«መልካም ጽፈሃል። የሞተ ሰው ታሪክ ይመስላል።»

ጥቁር በቅሎ ያለው ምላሰኛ ሰውዬ «ቀብሩ መቼ ነው መምህር? ተራ እንዳያልፈኝ» አለ፤ ሳቁ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። እስኪበታተኑ ጠበቁና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«የወንድሜ ሚስት ኮን ከተማ ያረፈችው አምና በገና ሰሞን ነው። አልሄድኩም። እንግዳ ይገባ ነበር፤ እኔ ሦስት ቀን ከጠፋሁ እነዚህ ይፋጃሉ ብዬ ቀረሁ። ወንድሜ እስከ ዛሬ አያናግረኝም። ሙት ዓመቷ ደግሞ ያው ገና ሲቃረብ ነው።»

በእጄ የያዝኩትን ምዕራፍ በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ያ ተራው በስልክ ይሁን የሚባለው ነገር መጥፎ ነው ብለህ የጻፍከው ለማን ብለህ ነው?»

«ለእርስዎ ብዬ ነበር አባባ።»

«እኔን መቼ ጠየቅከኝ? ስንት ዘመን ሙሉ ‹ያንተ ነገ ነው› ስል ሰላምታው የቀዘቀዘብኝ ስንት ሰው አለ። ስልኩን ይቆጡት። ስልክ አይከፋውም።»

ቤት ገብቼ መጠይቄን አወጣሁ። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ፣ ጥቅሙ ምን እንደሆነ፣ ከማን እንደተማሩት በየመልኩ ጠይቄያለሁ። «መቀጠል ይፈልጋሉ?» የሚል የለም። አሠልጣኞቹ ሳይጠይቁን ሊለውጡን ይመጣሉ ብዬ ስዘልፍ የኖርኩ ሰው፣ እኔ ደግሞ ሳልጠይቅ እንዳይለወጡ ፈርጄባቸው ነበር።

አማካሪዬ ጋ ደውዬ ጽሑፉን ልቀይረው ነው አልኩት። «መምህር፣ ይሄ እንዳለ እኮ ያልፋል» አለ። «አሁን ከቀየሩት ለዲፌንሱ አይደርሱም፤ ዓመት ይጠብቃሉ።»

«እደርሳለሁ» አልኩት። ሙት ዓመቱ እኔን ዓመት እንደማይጠብቅ አልነገርኩትም።

ተራውን ወደ ስልክ ለማዛወር የመጀመሪያው ሥራ ኮምፒውተር አልነበረም። ሽማግሌው በጭንቅላታቸው የያዙትን ሕግ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እንዲናገሩት ማድረግ ነበር። ጀርባው የተላጠ በቅሎ ይዘለላል፤ ሲድን ፊተኛ ይሆናል። ለቀስተኛ ተራው ይጠበቅለታል።

«ሦስት ቀን ይጠበቃል ካላችሁ» አለ ባለ ጥቁር በቅሎው፣ «እኔ የሚሞትልኝ የሩቅ ዘመድ አላጣም።»

«አንተ ስትሞት ግን ተራህን ለማን እናድርገው?» አለችው አንዲት ሴት።

እየተሳሳቁ፣ እየተነታረኩ ወሰኑ፤ እኔም ጻፍኩ። ከዚያ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ባሏ የሞተባትን አንዲት ሴት፣ እሷም እዚያው ቆማለች፣ በየሳምንቱ አንድ ትርፍ ተራ እንደሚሰጧት ተናገሩ። እኔ ይህን ማስታወሻዬ ላይ አይቼው የስሌት ስህተት መስሎኝ ነበር። ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ያውቁ ነበር።

«ይጻፍ» አለ ባለ ጥቁር በቅሎው። ማንም አልተቃወመም።

ስልኩን ማን ይያዝ ሲባል ደግሞ እሱኑ መረጡት። ከሁሉ በላይ የሚያማርር ሰው ማጭበርበር እንደማይችል ሽማግሌው አስረዱ፤ ሁሉም ዓይኑን ይጥልበታላ። ተራው በየማታው በሜሴጅ ይላካል፤ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል የሁለት ቀን ተራ አንድ ላይ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ሁለት ጊዜ ተሰደበ። ሽማግሌው ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ሰሙና አልገቡበትም። አለመግባት ለእሳቸው ምን ያህል ከባድ እንደነበር ዘንጋቸውን ከጨበጡበት ጣቶቻቸው ይታይ ነበር።

እኔ በየባዶ ክፍለ ጊዜው መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ አራተኛውንና አምስተኛውን ምዕራፍ እንደ አዲስ ጻፍኩ። ሦስተኛውን አልቀየርኩትም፤ ከሥሩ ግን ሽማግሌው ያሉኝን ቃል በቃል ጨመርኩ፣ «የሞተ ሰው ታሪክ ይመስላል» የሚለውንም ጭምር።

በዲፌንሱ ቀን አንዱ ፈታኝ መነጽሩን አውልቆ «ሜሴጅ እኮ የድሮ ቴክኖሎጂ ነው፤ ትራንስፎርሜሽኑ የት ላይ ነው?» አለኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ድንጋዩ ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም» አልኩት። ማብራሪያ ጠየቀ፤ አብራራሁ። ውጤቴ የሚያኮራ አይደለም፤ ግን አለፍኩ።

በማግስቱ ስመለስ ጋሸና ላይ መኪና ስቀይር ሽማግሌውን አየኋቸው። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ለሙት ዓመቱ የኮን መኪና እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ወንድማቸው ያናግራቸው እንደሆነ አያውቁም።

«አለፍክ?» አሉኝ።

«አለፍኩ አባባ።»

«እሰይ። ዛሬ ፊተኛው ማን ነበር?»

ስልኬን አወጣሁ። ለእኔም የሚደርሰኝን የተራ ሜሴጅ ልከፍት ስል እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ስልኩን ሸፈኑት።

«ተወው» አሉና ወደ መኪናው ገቡ።