በር ላይ የማንቀበለው ወረቀት

ጠበቃ መፈለግ የጀመርኩት ከሥራ በተባረርኩ በሦስተኛው ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በንዴት ነው የጨረስኳቸው።

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የውጭ አገር ኤምባሲ አሥራ አራት ዓመት በእንግዳ ተቀባይነት ሠርቻለሁ። አምባሳደሮች መጥተው ሲሄዱ የውሃ ቦቴውን ሹፌርም፣ የጄኔሬተሩን አመልም የማውቀው እኔ ነበርኩ። ታዲያ አንድ ቀን አንዲት ያገሬ ሴት የቀጠሮዋን ቀን ተሳስታ መጣች። በዕድሜ የገፋች ናት፤ ውጭ ያለው ሙቀት ሰው ይጥላል። አየር ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል አስቀምጬ ውሃ ሰጠኋት። አዲሱ የአስተዳደር ኃላፊ አይቶ ጮኸባት። እኔም «ሰው ናት፣ ዕቃ አይደለችም» አልኩት። በማግስቱ ደብዳቤ ተሰጠኝ፤ ምክንያቱ «እምነት በማጣት» ይላል። አሥራ አራት ዓመት በሁለት ቃል ተዘጋ።

ሥራ አላጣሁም ነበር። ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ አንድ የመጋዘን ኃላፊ የጭነት ወረቀት በፈረንሳይኛና በአማርኛ የሚጨርስለት ሰው ይፈልጋል፤ ሊቀጥረኝ ተስማማ። የጠየቀኝ ከኤምባሲው የሥራ ምስክር ወረቀት እንዳመጣ ብቻ ነው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ። የመኖሪያ ፈቃዴም በቀጣዩ ወር አጋማሽ ያበቃል፤ ቀጣሪ ከሌለኝ ደግሞ አይታደስም። ወረቀቱን ካላገኘሁ ባለቤቴንና እዚህ የተወለዱ ልጆቼን ይዤ ከዚህ ከተማ መውጣቴ ነው። የአስተዳደር ኃላፊው ግን በስልክ «እምነት ላጣንበት ሰው ምን ብለን እንመስክር?» ብሎ ዘጋብኝ።

የመጀመሪያው ጠበቃ ቢሮው ምኒልክ አደባባይ፣ ከአንድ ካፌ በላይ ነው። ኤምባሲ የሚለውን ቃል ሲሰማ የብዕሩን ክዳን ገጠመ። «ልጄ እዚያ አገር ለመማር ቪዛ እየጠበቀ ነው» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። ሁለተኛው ስለ ዲፕሎማቶች ያለመከሰስ መብት ግማሽ ሰዓት ሰበከኝ። የጫቱ መኪና የሚደርስበት ሰዓት ሲቃረብ ግን ስብከቱን እንኳ ሳይጨርስ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። በዚህ ከተማ ከሰባት ሰዓት በኋላ ጠበቃ መፈለግ ልብ ማድረቅ ነው።

ሦስተኛዋን ያገኘኋት ከገበያው ጀርባ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ድሬዳዋ ያደገች ሶማሊ ናት፤ አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። እዚህ ጠበቃን ሁሉም በፈረንሳይኛው ሜትር ብሎ ነው የሚጠራው፤ እኔም ሜትር አልኳት። እሷ ግን ፈገግ አላለችልኝም።

«እዚያ ቤት የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲመጣ ማነው የሚቀበለው?» አለችኝ።

«ማንም አይቀበልም፣ ሜትር።»

«ማነው ታዲያ የሚመልሰው?»

«እኔ ነበርኩ።»

ይህን ስል ትንሽ ኮራ ያልኩ ይመስለኛል። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ለዚሁ ሥራ ብዬ ያዘጋጀኋት፣ በላስቲክ ያሸግኳት ካርድ ነበረችኝ። ፈረንሳይኛውን ራሴ ነኝ ያሳመርኩት፤ «ኤምባሲው የፍርድ ቤት ወረቀት በር ላይ አይቀበልም። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ይላክ» ትላለች። አምባሳደሩ አንብቦ አመስግኖኝ ነበር።

ሜትር መጥሪያ አስወጥታ በፍርድ ቤት መልእክተኛ ላከች። እኔ ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር ቆሜ አየሁ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ እኔ ያሠለጠንኩት ሰው ነው። ካርዷን እኔ ካስቀመጥኩበት መሳቢያ አወጣ፤ እንዳስተማርኩት መዳፉን ከፍ አድርጎ አስቆመውና አነበበለት። መልእክተኛው የወረቀቱ ጀርባ ላይ «እምቢ ተብሏል» ብሎ ጻፈና ሄደ። ጥበቃውን ዛፉ ሥር እንደቆምኩ ውለታ ቢስ ብዬ ሰደብኩት። ምን አጠፋ? ትምህርቱን በደንብ ይዟል።

ሜትር ወረቀቱን ስታይ ደስ አላት። «እምቢ እንደሚሉ አውቃለሁ። የፈለግሁት እምቢታቸው እንዲጻፍ ነው። አሁን ለሚኒስቴሩ ማሳየት እንችላለን» አለች። ከዚያ ከመደርደሪያው አንድ ያረጀ ፋይል አውርዳ ሌላ መጥሪያ ፊቴ ዘረጋች። «ይህን ፊርማ ያውቁታል?»

የኔ ነበር፤ ወረቀቱን ስመልስ መልእክተኛው ያስፈረመኝ። ከሥሩም «እምቢ ተብሏል» ይላል።

የአምባሳደሩ ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበረችው ኢትዮጵያዊት ወረቀት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ስታረግዝ ያለ ምስክር ወረቀት አሰናበቷት። ከመልእክተኛው ጋር ራሷ መጥታ ነበር፣ ሆዷ ገፍቶ፣ እኩለ ቀን ላይ። «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ይቀበሉኝ» አለችኝ። ፈረንሳይኛ ስለማትችል ያቺን ካርድ በአማርኛ ተረጎምኩላት። «ሥርዓቱ ነው፣ እኅቴ» ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። ውሃ አልሰጠኋትም። የዚያን ጊዜ ኃላፊዎቼ ይወዱኝ ነበር።

«አንድ ወረቀት ብቻውን ከሄደ ሚኒስቴሩ መሳቢያ ውስጥ ይረሳዋል» አለች ሜትር። «ሁለት ሆኖ ከሄደ ልማዳቸው እንደሆነ ያያል፤ ዝም ማለት ይከብደዋል። ለሚኒስቴሩ በምንጽፈው አቤቱታ ላይ እሷም መፈረም አለባት። ይዘውላት ይሂዱ።»

ሴትየዋ ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት ከፍታለች። ከአዲስ አበባ የሚመጡት የከባድ መኪና ሹፌሮች እዚያ ነው የሚበሉት። በሩ ላይ አገኘኋት፤ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። ሳትደነግጥ አየችኝ። ስለ ልጇ ልጠይቃት አስቤ ነበር። ወረቀቱን ብቻ ዘረጋሁላት።

አልነካችውም። መዳፏን ከፍ አደረገች።

«ጋሼ፣ በር ላይ ወረቀት አንቀበልም። በጠበቃዬ በኩል ይላኩት» አለች። ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ እኔ የተረጎምኩላትን ያህል አሳምራ። «ሥርዓቱ ነው።»

ውስጥ ያሉት ሹፌሮች ጉርሻቸውን ይዘው ያዩኛል። ቁጭ ይበሉ ያለኝ የለም። ጥቂት ቆምኩ፤ እሷም ከበሩ ሳትነቃነቅ አብራኝ ቆመች። ከዚያ በዚያ ፀሐይ በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ የምሰድባት እሷን ነበር። አንቺ ደግሞ ቀኑን ጠብቀሽ፣ የልጆቼን እንጀራ ይዘሽ እያልኩ።

ሜትር ቢሮ ስደርስ ላቤ ወረቀቱን አርሶታል። «አልፈርምም አለች» አልኳት።

«አላለችም» አለች ሜትርና ከፋይሉ ውስጥ የዚያኑ አቤቱታ ሌላ ቅጂ አወጣች። የሴትየዋ ፊርማ ከሥሩ አለ። «ትናንት መጥታ ፈርማለች።»

«ታዲያ ለምን ላኩኝ?»

«አቤቱታው ከመሄዱ በፊት መጥቶ የኔም በር ላይ ይቁም አለች። ደንበኛዬ ናት፤ እሺ አልኳት።»

ሁለቱንም ሴቶች እዚያው ቁጭ ብዬ ጠላኋቸው። ሜትር ብዕር አቀበለችኝ። ከሴትየዋ ስም ሥር ፈረምኩ።

አቤቱታው በሚኒስቴሩ በኩል ሄደ። የመጋዘኑ ኃላፊ ከቀኑ በላይ አሥራ አንድ ቀን እየተነጫነጨ ጠበቀኝ፤ የኔና የሴትየዋ ምስክር ወረቀት በአንድ ፖስታ መጣ። «እምነት በማጣት» የሚለው የኔ ላይ የለም። አሥራ አራቱን ዓመት ቆጥሮ፣ ሥራዬን ሲዘረዝር «እንግዶችን ማስተናገድ፣ ደብዳቤዎችን መቀበል» ይላል። ስለ መለስኳቸው ምንም አይልም።