ስም ጠሪዋ ሜርትል

ሜርትል ኮርሊስ በሃርትሰን ሆሎው ከተማ አዳራሽ የመራጮችን መዝገብ ይዛ መቀመጥ ከጀመረች ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ሥራዋ ከባድ አይደለም። መራጩ ስሙን ይናገራል፣ እሷ ጮክ ብላ ትደግመዋለች፣ በመዝገቡ ላይ ታሰምርና የምርጫ ወረቀቱን ትሰጠዋለች። የኒው ሃምፕሸር ሕግ ስለሚያዝ፣ አብሯት ያደገ ሰው እንኳ ማንነቱን ካልተናገረ አያልፍም። አንድ ጊዜ ጎረቤቷ፣ «ሜርትል፣ ትናንት ማታ እኮ ቤቴ እራት በልተሻል» ቢላት፣ «እራቱ ጥሩ ነበር። ስም?» አለችው።

በዚህ ሕግ ድርቅ የምትለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከታናሽ ወንድሟ ከሮይስ ጋር ከተኳረፉ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል። ሮይስ በድንበራቸው ላይ የቆመውን፣ አባታቸው በየዓመቱ ጣፋጭ ፈሳሹን እየቀዱ ሽሮፕ ያፈሉበት የነበረውን ትልቁን የሜፕል ዛፍ፣ ሳይነግራት ቆረጠው። «ውስጡ በስብሶ ነበር» አለ። «ብትጠይቀኝ እኔም ቁረጠው እልህ ነበር» አለች። ከዚያ ወዲያ ዝም። በምርጫ ቀን ብቻ እሱ «ሮይስ ኮርሊስ» ይላል፣ እሷም «ሮይስ ኮርሊስ» ትላለች። ሁለቱም እልኸኞች ናቸው፣ ምን ይደረጋል። ለሜርትል ግን ያቺ የስም ልውውጥ እስከሚቀጥለው ምርጫ ስንቋ ነበረች።

ዘንድሮ ፖስታ ቤት ተሰልፋ ሳለ ወሬ ሰማች። ሮይስ ቤቱን ሸጧል፤ ወሩ ሲያልቅ ፍሎሪዳ፣ ልጁ ዘንድ ሊገባ ነው። እንግዲህ የዛሬው የፕሬዚዳንት ዕጩዎች ማጣሪያ ምርጫ የመጨረሻው መገናኛቸው መሆኑ ነው፤ እሱም ሮይስ ከመጣ። የሚመጣበት ምክንያት ደግሞ አልታያትም።

ሮይስ የማንም ፓርቲ አባል ሆኖ አያውቅም ነበር። እንዲህ ያለ መራጭ የፈለገውን ፓርቲ ወረቀት ወስዶ ይመርጥና፣ ሲወጣ ካርድ ፈርሞ ወደ ወገን የለሽነቱ ይመለሳል። ባለፈው ማጣሪያ የፕሬዚዳንቱን ፓርቲ ወረቀት ወስዶ ከመረጠ በኋላ ግን የካርዱ ጠረጴዛ ከሜርትል አጠገብ ስለነበር፣ ሮይስ ፊቱን አዙሮ ሳይፈርም ወጣ። በዚሁ የፓርቲው አባል ሆኖ ቀረ፤ ስለዚህ ዛሬ ሊሰጠው የሚችለው የዚያው ፓርቲ ወረቀት ብቻ ነው። ፕሬዚዳንቱን ደግሞ በዓይኑ ማየት አይፈልግም። በዚያ ላይ ሰውየው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚወዳደረው፤ የሚገዳደሩትም ስማቸውን ማንም የማያውቀው ሁለት ሰዎች ናቸው።

«ዛሬስ ከሰው ይልቅ ወንበሩ በዛ» አለ የምርጫው አስተባባሪ ሃርላን ድሩ፣ ባዶውን አዳራሽ እያየ።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብለው ቤታቸው ተቀምጠዋል» አለች ሜርትል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ቀና ትላለች። ቀኑን ሙሉ በረዶ ጣለ። ምሳዋን እንኳ ከመዝገቡ ሳትነሳ ነው የበላችው፤ የሮይስ ስም አልተሰመረበትም።

በሩ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሮይስ ገባ። ባርኔጣውን አራግፎ ፊቷ ቆመ።

«ስም?»

«ሮይስ ኮርሊስ።»

«ሮይስ ኮርሊስ» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ የመጨረሻዋ ናት ብላ ስላሰበች አሳዘናት። ወረቀቱን ሰጠችው። እሱም እንደ ኮመጠጠ ወተት አየውና ወደ መጋረጃው ገባ። ሲወጣ ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልሄደም፤ ቆጠራ የሚያይ ሰው በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ።

በሃርትሰን ሆሎው ድምፅ የሚቆጠረው በእጅ ነው። ሜርትል ታነባለች፣ ሃርላን እየደገመ ያሰምራል። ፕሬዚዳንቱ፣ ፕሬዚዳንቱ፣ ፕሬዚዳንቱ። ከዚያ አንድ ወረቀት ገልጣ ሳታነበው ያዘችው። መራጩ የታተሙትን ስሞች ትቶ፣ ከታች ባለው ባዶ መስመር ላይ ሌላ ስም ጽፏል። ጽሕፈቱ ትልልቅና ባለ አራት ማዕዘን ነው። ሮይስ በሚሸጣቸው የሽሮፕ ቆርቆሮዎች ላይ የሚጽፈው እንዲህ ነው፤ በከተማው ውስጥ ከነዚያ ቆርቆሮዎች አንዱ የሌለበት ጓዳ የለም።

ሃርላን አንገቱን አስግጎ አየ። «እትዬ ሜርትል፣ ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት። ሕጉ ነው።»

«ሜርትል ኮርሊስ» አለች።

«ሜርትል ኮርሊስ፣ አንድ» አለ ሃርላን፣ አሰመረም።

ሜርትል መነጽሯን አውልቃ ወደ አግዳሚው ዞረች። «ለፕሬዚዳንትነት?»

«ካለው አትብሺም» አለ ሮይስ።

«አሁንም ሳትጠይቀኝ።»

ሮይስ ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አዞረ። «አዎ። ያን ጊዜም ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር።»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ይህንኑ ነበር። ስትሰማው መነጽሯን ጠርጋ መልሳ አደረገች።

«እንዳትሄድ» አለችው። «ገና ሃያ ሁለት ወረቀት ይቀረኛል። ከዚያ ቤት ታደርሰኛለህ።»

ሮይስ እንደተቀመጠ ቆየ። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።