መካኒኩ ያልተሳፈረባት መንኮራኩር

ሰውዬው የሊፍት መካኒክ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሊፍት ሲጠግን ኖሮ በሊፍት አያምንም። የሥራ ባልደረቦቹ «ጠርጣራው» ይሉታል፤ እሱም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ ያልፋቸዋል። አንድ የማይሻር ሕግ አለው፤ የጠገነውን ሊፍት መጀመሪያ እሱ ብቻውን ተሳፍሮበት፣ ላይኛው ፎቅ ደርሶ ሳይመለስ ነፍስ ያለው ፍጡር አይገባበትም። አንዴ የሕንፃው ባለቤት ቸኩሎ ሊገባ ቢል ኮሌታውን ይዞ አስወጥቶታል።

እንግዲህ የዚህ ሰው አንድ ልጅ ልብ ወለድ ጻፈች። ያውም የጠፈር። እንዲያይላት ስትሰጠው ገና ነገሩ አላማረውም። እስከ ዛሬ መቼ አስነብባው ታውቃለች? ደግሞ ስትሰጠው ዓይን ዓይኑን አላየችውም።

እሑድ ከሰዓት መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ማንበብ ጀመረ። አራት ሰዎች በመንኮራኩር አንዲት ግዙፍ ፕላኔት ላይ ያርፋሉ። ፕላኔት ሁሉ በዙሪያው የማይታይ የስበት ጉድጓድ አለው፣ ትላለች ልጁ፤ በገዘፈ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል። መግባቱ ቀላል ነው፤ ለመውጣት ግን ለእያንዳንዷ ኪሎ ነዳጅ ይቃጠላል። ይህን ለሊፍት መካኒክ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ቢሆንም ወደደላት። የመንኮራኩሯን መካኒክም ወደደው። ነጭናጫ፣ ማንንም የማያምን፣ ብሎን ሁሉ ሦስት ጊዜ የሚያጠብቅ። ማንን አይታ እንደጻፈችው ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያሻም።

አሥረኛው ምዕራፍ ላይ መንኮራኩሯ ከጉድጓዱ ልትወጣ ስትል ጭነቷ ይመዘናል። ልማድ ነውና እርሳሱን አውርዶ ደመረ። ካፒቴኗ ሃምሳ ሁለት ኪሎ፣ ልክ እንደ ልጁ። ሐኪሟ ስድሳ። አብሳዩ ሰባ አምስት። ደገመው። አንድ ሰው ጎደለ። መንኮራኩሯ ስትነሳ መካኒኩ ውስጧ የለም!

ነገሩ ከነከነው። ረስታ ይሆን? እሷ የምትረሳ ልጅ አይደለችም። ደግሞ ከሳምንት ወዲህ ስልክ ሲደወልላት በር ዘግታ ነው የምታወራው። ቁም ሣጥን ላይ የነበረው ሻንጣም ወርዷል፤ ማን እንዳወረደው አልጠየቀም ነበር።

ወጥ ቤት ሳህን ስታጥብ ደረሰባት።

«እኔን የት ጣላችሁኝ?»

«ማንን?»

«መካኒኩን ነዋ! እሱ ሳይሳፈርበት የሚነሳ ነገር አለ እንዴ?»

«ፈትሿታል እኮ አባዬ። አንድ ብሎን አልቀረውም። ግን እሱን ከጫነች አትወጣም።» ቧንቧውን ዘጋች። «ሥራ አገኘሁ። ሩቅ ነው፣ ሐሙስ ነው የምሄደው። ልነግርህ አፌ እንቢ ሲለኝ ጻፍኩት።»

ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም። ፎጣ አንስቶ ያጠበቻቸውን ሳህኖች ማድረቅ ያዘ።

ሐሙስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሻንጣውን ተሸክሞ ሸኛት። ዚፑን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው፤ እጀታውን ጎተት ጎተት አደረገው። መግቢያው በር ላይ ሲደርሱ፣ ከልማድ ይሁን ከጭንቀት፣ ከልጁ ቀድሞ ሊገባ እግሩን አነሳ።

ጥበቃው እጁን ዘርግቶ አስቆመው። «አባት፣ ተሳፋሪ ነዎት?»

«አይደለሁም» አለ። ከዚያም ዕድሜውን ሙሉ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ወደ ጎን ቆሞ፣ መጀመሪያ እሷን አሳለፈ።