ወንዙን የተሻገረው ቤት

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የቤት ግብርን ነገር ግን እንደኔ የሚያውቅ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም የለም። ወዲህ ድሬክስ ካውንቲ፣ ወዲያ ሆልብሩክ ካውንቲ፤ ያው አንድ ስቴት ነው። እኛ ቤታችን ከተገመተበት ከመቶው ዶላር አንድ ከስልሳ እንከፍላለን፣ እነሱ ዘጠና ሳንቲም። ጎረቤቴን ዴልበርት ሆስኪንስን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነው።

ዴልበርት በያጅ ነበር። ምን የመሰለ በያጅ! የተሰበረ ማጨጃዬን ባንድ ከሰዓት ገጥሞልኛል፤ እኔ ብሠራው ይበልጥ ያምር ነበር፣ እሱን ልተወው። ጡረታ ወጣና ከሚስቱ ከቨርና ጋር ያቺን የእንጨት ቤት ይዘው ቀሩ።

አንድ ጠዋት ቁርስ ቤት እንቁላል እየበላን «ይኼ ግብር ሳይገድለኝ አይቀርም» አለኝ።

«ታዲያ ቤትህን አስነሳና ተሻገራ! እዚህ አገር ቤት በመኪና ሲሄድ አይተህ አታውቅም?»

«ትቀልዳለህ፣ አንተ ሽማግሌ።»

«እኔ በገንዘብ ቀልጄ አውቃለሁ?»

አጠገቡ የተቀመጠችው ቨርና «ዴል፣ መጀመሪያ ሄደህ የማዶውን የግብር ገማቾች ጠይቅ» አለችው።

«ዘጠና ሳንቲም ዘጠና ሳንቲም ነው! ምኑ ይጠየቃል?» አላት።

ቦታውን ሸጠ። ለማን? ለኔ ነዋ፣ በርካሽ። ቤቱን በክሪክ አንስተው፣ ተሳቢ ላይ ጭነው፣ ድልድዩን አሻግረው ማዶ ወንዙ ዳር አሳረፉት። ሰፈሩ ወጥቶ አጨበጨበ። የሲሚንቶ ደረጃው ብቻ ቀረ።

ሞኝ! እኛ ጋ ሽማግሌ ከቦታው ካልተነቃነቀ የቤቱ ግምት በድሮ ዋጋ እንደተቆለፈ ይኖራል። ከተነቃነቀ አለቀለት። የሆልብሩክ ሰዎች በዛሬ ገበያ እንደ አዲስ ገመቱት። ከመቶው የሚቆረጠው ወደ ግማሽ ወረደ፣ ግምቱ አምስት እጥፍ ወጣ፤ ግብሩ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ሦስት ዓመት መክፈል አቃተው። ፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ ቤቱን በጨረታ ሸጡበት። እኔም ላየው ሄጄ ነበር። ቨርና መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ግምቱ እንደሚከፈት ታውቅ ነበር?»

«ማን ጠየቀኝ?» አልኳት።

አሁን ሴት ልጃቸው ጋራዥ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ዴልበርት ጠዋት ጠዋት እየመጣ ያ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ወንዝ ማዶ ቤቱን ያያል። ቦታው የኔ ነው፣ ላባርረው እችል ነበር፤ ክፉ ሰው ስላይደለሁ ተውኩት። ማክሰኞ ግን ደረጃው ትራክተሬን ማዞሪያ ቦታ ሲያሳጣኝ አስፈረስኩት።

አሁን ቆሞ ያያል።