የመከታ ጾምና ጠበል

ልጅ እያለሁ ቁንጫ የሌለበት ቤት ያለ አይመስለኝም ነበር። የመንደራችን የኮሶዬ ብርድ የሚቀለድበት አይደለም፤ የሱፍ ባናና ጋቢ ደራርበን፣ እርስ በርስ ተለጣጥፈን ስንተኛ ቁንጫውም ከሙቀቱ ድርሻውን ይወስዳል። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሰለፍ ግማሻችን እየዘመረ ግማሻችን አንዱን እግር በሌላው ያክ ነበር። የሚያፍርበትም አልነበረም። ዛሬ ጎንደር ከተማ ተቀምጬ ይህን ሳነሳ አብሮ አደጎቼ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ እኔ ግን አብረውኝ ሲያኩ የነበሩትን አንድ በአንድ በስም ልጠራቸው እችላለሁ።

አባየ የደብሩ ቄስ ነበሩ። ረጅምና ዝምተኛ ናቸው፤ ሲመጡ የምናውቀው በድምፃቸው ሳይሆን በመቋሚያቸው ኳኳታ ነው። እኛ ልጆቻቸው መስቀላቸውን እንሳለማለን እንጂ አንገታቸው ላይ አንጠመጠምም። ውሻችን መከታ ግን ይህን ሁሉ ክብር ከቁብ ሳይቆጥር በየጠዋቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይሸኛቸዋል። ውሻ ቅጥሩን እንደማያልፍ ማን እንደነገረው እንጃ፣ ከበሩ መለስ ብሎ ይጋደምና ቅዳሴው እስኪወጣ ይጠብቃል። ቡላ ነው፤ ግራ ጆሮውን ገብስ ሊበላ የወረደ ጭላዳ ዝንጀሮ ቀዶበታል፤ ያቺ ጆሮ ሲሮጥ ለብቻዋ ትወዛወዛለች።

የዚያን ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ቁንጫው ከወትሮው በረታ። መከታ ማታ የሚተኛው ከመደቡ ስር፣ ገለባ ላይ ነበር። መጀመሪያ ጆሮውን በኋላ እግሩ ያክ ጀመር፤ ቀጥሎ ደግሞ ዞሮ የጭራውን ስር በጥርሱ መንከስ ያዘ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከወገቡ በታች ጸጉሩ ተመልጦ ቆዳው ቀላ፣ ቦታ ቦታውም ቆስሎ ውሃ ያዘ። ያ ጭላዳ የሚያሯሩጥ ውሻ ጭላዳው በፊቱ ሲያልፍ ቁጭ ብሎ ይታከካል። ስነካው ቆዳው ይፋጃል። አንጀቴን በላው።

ነገሩ የከረረው አንድ እሑድ ነው። ቀሳውስቱ በየሳምንቱ ተራ ገብተው ይቀድሳሉ፣ ያ ሳምንት የአባየ ተራ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ጸሐይ ስትወጣ ተመልሰው መጡ። እማየ ክው አለች፤ ቀዳሽ ቄስ ቅዳሴ ሳያልቅ ቤቱ አይመለስም። ለካ መንገድ ላይ ቁርጭምጭሚታቸውን ቁንጫ ሲበላቸው አክከው አክከው አድምተውታል። ደም የፈሰሰው ሰው ደግሞ ቤተ መቅደስ አይገባም። በእሳቸው ቦታ ሌላ ቄስ ገብቶ ቀደሰ። ከሰዓት በኋላ መንደሩ በሙሉ ሰምቶ ነበር፤ ቄሱን ቁንጫ ከቅዳሴ አስቀራቸው እያለ የማይስቅ አልነበረም። አባየ ቁርጭምጭሚታቸውን አጥበው ዳዊታቸውን ገለጡ። የተናገረችው እማየ ናት።

«አያ ሞላ ሲመለስ ይውሰደው» አለች። «እኔ ለውሻ ብዬ የሰው መሳቂያ አልሆንም።»

አያ ሞላ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። የሚኖረው ዛሪማ ነው፤ ለንግድ ጎንደር ሲመላለስ እኛ ቤት ያርፋል። የሚመለሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። ዛሪማ ቆላ ነው፣ መከታ ደግሞ ጸጉሩ የወፈረ የደጋ ውሻ። ከደጋ የወረደ ውሻ ሙቀቱን አይችልም፣ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል ብሎ አያ ሞላ ራሱ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁንጫውን ካላጠፋሁ መከታ ሟች ነው። ዕድሜዬ ዘጠኝ ዓመት ነበር።

ሰኞ አመድ ነሰነስኩበት፤ አስነጠሰውና አራግፎ እኔኑ አመድ አለበሰኝ። ማክሰኞ ሎሚ ጨመቅሁበት፤ ቁስሉን አቃጠለውና ግማሽ ቀን ሸሸኝ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩና፣ በራሴ ጭንቅላት፣ ማንንም ሳላማክር መፍትሔ አገኘሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ገደሉ ስር ጠበል አለ። ቆዳቸው የቆሰለ፣ እከክ የያዛቸው ሰዎች ከሩቅ መጥተው ሲጠመቁና ድነው ሲሄዱ አይቻለሁ። ሰውን ያዳነ ውሃ መከታን ማዳን ምን ያቅተዋል? ደግሞም የቄስ ልጅ ነኝ፣ ሥርዓቱን አውቃለሁ፤ ጠበል የሚጠመቁት በባዶ ሆድ ነው። ስለዚህ ከማክሰኞ ማታ ጀምሬ መከታን አስጾምኩት። የእሱን ፍርፋሪ ለዶሮዎቹ በተንኩት። ብቻውን መጾሙ አሳዘነኝና እኔም ቁርሴን ተውኩ። ቀኑ ረቡዕ ስለነበር እማየ በገዛ ፈቃዴ መጾም የጀመርኩ መስሏት ግንባሬን ሳመችኝ። ያ መሳም እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ከሰዓት በኋላ ተጠማቂው ሲበተን መከታን በገመድ እየጎተትኩ ወረድኩ። ውሻ ወደ ጠበሉ እንደማይገባ አልጠፋኝም፤ ከድንጋይ አጥሩ ውጭ ያለ ጥድ ላይ አሰርኩት። ከዚያ በጣሳ እየቀዳሁ፣ እየተመላለስኩ፣ በስመ አብ እያልኩ አፈሰስኩበት። ውሃው በረዶ ነው። መከታ ጆሮውን ጥሎ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልጮኸብኝም፤ አምኖኝ ይመስለኛል። አራተኛውን ጣሳ ላፈስ ስል ጠበሉ ዘንድ የሚኖሩት አሮጊቷ እማሆይ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ምነው ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ አንች?» አሉኝ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ አሳምረው እያወቁ። መልሴንም አልጠበቁ። በትራቸውን ይዘው ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቀኑ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ። እማየ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ትዞራለች። ጠበል፣ ለውሻ፣ ያውም በቄስ ልጅ እጅ። አባየ ሲገቡ እኔ ጥግ ተወሽቄ ነበር፤ ዱላውን ፈርቼ አይደለም፣ መከታን ነገውኑ የሚሰዱት መስሎኝ ነው። ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ። ከዚያ ወደ ጥጉ አይተው ጠየቁኝ።

«ውሻውን ጠበሉ ውስጥ አስገባሽው?»

«አላስገባሁትም። በጣሳ አውጥቼ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ።»

«ጾሞ ነበር?»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ።»

አባየ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ አስለቀስኳቸው ብዬ ደነገጥኩ። ሲዞሩ እውነትም ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ሳቅ እንደነበረ እማየ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

«በይ መጀመሪያ የሚበላ ስጭው» አሉ። «ጠበል ለሰው የተሰጠ ነው። ለእሱ እንዶድ ተፈጥሮለታል።»

አርባ ስግደት ፈረዱብኝ። እማየ በዛ አለች፣ እማሆይ አነሰ ብለው ቅር እንዳላቸው ሰማሁ። እኔ ሰግጄ ስጨርስ እግሬ ባይሸከመኝም ልቤ ቀልሎኝ ነበር፤ መከታ ለጊዜው አልተሰደደም።

በማግስቱ ሐሙስ አባየ የትም አልሄዱም። ጥምጥማቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። የእንዶዱን ፍሬ ቀጥቅጠን ለብ ባለ ውሃ አረፋ እስኪያወጣ አሸነው። እኔ ከቆሰለው ወገቡ ልጀምር ስል እጄን ያዙ። ከወገቡ ከጀመርሽ ቁንጫው ሽቅብ ሸሽቶ ጆሮውና ዓይኑ ውስጥ ይገባል አሉኝ። መጀመሪያ አንገቱን ዙሪያውን በአረፋ አጠርንበት፣ ከዚያ ወደ ታች ወረድን። እንዶዱ ዓይኑን እንዳያቃጥለው ግንባሩን በመዳፋቸው ጋረዱለት፤ ቁስሉን በንጹሕ ውሃ ደጋግመው አለቀለቁት። ወደ ገበያ የሚወጣው ሰው አጥራችን ጋ እየቆመ ያያል። በእሑዱ ነገር ሲስቅ የከረመ መንደር አሁን ደግሞ ቄሱ ውሻ ሲያጥቡ አገኘ። አባየ ቀና ብለው አጸፋ ሰላምታ ይሰጡና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ከዚያ የእማየን አሮጌ የእንጨት ሚዶ አስመጡ። እጄን በእጃቸው ውስጥ ይዘው እንዴት እንደሚበጠር አሳዩኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ከጸጉሩ አወራረድ ጋር፣ ቁስሉን ሳይነኩ። ሚዶው የያዘውን ቁንጫ ገበቴ ውስጥ ባለው የእንዶድ ውሃ እንነክራለን፤ መዝለል ያቅተዋል፣ ይሰምጣል። አንድ፣ ሁለት እያልኩ ጀምሬ ቁጥሩ ጠፋብኝ። የአባየ መዳፍ እንዲያ ሻካራ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከገደሉ የተቆረጠ እሬት ነበራቸው፤ ቢጫው ፈሳሽ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ዘቅዝቀው አቆዩት፣ ያንን ቢልስ ሆዱን ያመዋል እያሉ። ልጣጩን ገፈው ውስጡ ያለውን ውሃ የመሰለ ዝልግልግ ቁስሉ ላይ አስቀቡኝ። መከታ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ አገጩን የአባየ ጉልበት ላይ ጣለ። ይገፉታል ብዬ ጠበቅሁ። አባየ አላስነሱትም።

ማጠቡ ብቻ ግን ዋጋ እንደሌለው ነገሩኝ፤ ቁንጫው የሚፈለፈለው መኝታው ውስጥ ነው። ገለባውን አውጥተን አቃጠልነው። እማየ እየተነጫነጨች ከመደቡ ስር ጠርጋ በእበት ለቀለቀችው፣ ቤቱን በጥንጁት ጭስ አጠነችው፣ ባናዎቹን ሁሉ ጸሐይ ላይ አሰጣቻቸው። ከዚያ ወዲያ ሥራው የእኔ ሆነ። በየቀኑ አበጥራለሁ፣ በየሦስት ቀኑ አጥባለሁ፣ ገለባውን እቀይራለሁ። የመከታ ቆዳ ቀስ በቀስ መቅላቱን ተወ፣ ቁስሉም ደረቀ።

አያ ሞላ የመጣ ዕለት ገመድ ይዞ ነበር። እማየ ሄዳ መከታ የሚተኛበት ገለባ ላይ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ተቀመጠች። ወንድሟ ጠላውን እስኪጨርስ አልተነሳችም። እኔ እግሯን አያለሁ፣ እሷ እኔን ታያለች። በመጨረሻ ተነስታ ቁርጭምጭሚቷን ግራና ቀኝ አገላብጣ አየች።

«ሸጋ ነው፤ ይቅር» አለችው። አያ ሞላ ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። እኔ ከቤቱ ጀርባ ዞሬ አለቀስኩ።

መከታ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ አርጅቶ የሞተው እዚያው ብርዱ ላይ ነው። አሁን ልጄ አንዲት ቡችላ አለቻት። ባለፈው ቁንጫ ይዟት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፤ ከትንሽ ብልቃጥ ሁለት ጠብታ ትከሻዋ መሐል አንጠባጥቦ፣ ለቆዳዋ ቅባት ሰጥቶ ሸኘን። ልጄ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል ነገሩ አለቀ። መድኃኒቱን አልወቅስም። በሦስተኛው ቀን ቡችላዋ ማከክ ተወች፤ መከታ ይህን ቢያገኝ ያን ሁሉ ባልተሰቃየ ነበር። እኔም ብሆን ዛሬ እንዶድ ቀጥቅጪ ብባል ወገቤ አይችልም።

ግን ይናፍቀኛል። ሐሙሱ ይናፍቀኛል። አባየ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆነ፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ሲያስታውሷቸው የቅዳሴ ድምፃቸውንና ትምህርታቸውን ያነሳሉ። እጃቸውን የሚያነሳ የለም። ከዚያ ቀን በኋላ እኔንም መከታንም እንደዚያ ነክተው አያውቁም። እሳቸው ወደ ቅዳሴያቸው፣ እኔም መስቀል ወደ መሳለሜ ተመለስን። ያኔ ቅር አላለኝም፤ የሁሉም አባት እንዲያ ነበር። ቅር ያለኝ አሁን፣ እሳቸው በሌሉበት፣ እኔም በእሳቸው ዕድሜ ላይ ስደርስ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። እየሰማች የቡችላዋን ሆድ ስታሻሽ ቆየችና፣ «አያቴ ውሻ በጣም ይወዱ ነበር ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

አስቤው አላውቅም ነበር። መከታ ቀሚሳቸውን በታከከ ቁጥር በመቋሚያቸው ገፋ የሚያደርጉት፣ ወደ ማዕዱ ሲጠጋ ፊታቸው የሚጠቁረው ታየኝ።

«አይ» አልኳት። «አይወዱም ነበር።»