ደጅ የተወረወረው ቆርቆሮ

ያን ዕለት ነቀምቴ ወፍጮ ቤት የነበርነው እነዚህ ነን፦ ባለቤቱ ጋሽ ከድር፣ ከአዲስ አበባ የመጣው መካኒክ፣ ከዲጋ በቆሎ ያመጡ ሴቶች፣ እዚያው የምንሠራው ጓደኛዬ ሌሊሴና እኔ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ የልጄ ጉዳይ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ሰሞኑን ፕሮግራመሮች መጥተው ሳያማክሯት የኮምፒውተሩን አሠራር ለወጡት፤ የአንዱ በሽተኛ ካርድ በሌላው ስም ይወጣ ጀመር። ብትነግራቸው «ሲስተሙ ልክ ነው፤ አንቺ አይገባሽም» አሏት። እኔ ፈሪ እናት ነኝ፤ «እንጀራሽ ነው፣ ዝም በይ» አልኳት። ወዲያው ግን አፌን መረረኝ።

ወፍጮ ሲዞር ሰው አይሰማማም። ሌሊሴ እህል ታፈሳለች፤ እኔ ከግድግዳው ወዲያ ሞተሩን እጠብቃለሁ። ቆርቆሮ ሰቅለን ነበር፤ አንዴ ከመታችው ቀስ አድርጊ፣ ሁለቴ ከመታችው አቁሚ ማለት ነው። ያን ዕለት መካኒኩ ሞተሩን ጠግኖ ሲጨርስ ራሱ ሊነዳው ቆመና እኔን ወደ ዱቄቱ ሰደደኝ።

«ጌታዬ፣ የጥቅምት በቆሎ ገና እርጥብ ነው፤ ድንጋዩን ይይዘዋል። ቆርቆሮውን ይተዉልን» አልኩት።

«ሞተር የሚነዳው በእውቀት ነው እንጂ በከበሮ አይደለም!» ብሎ ነቅሎ ደጅ ወረወረው።

ብዙም ሳይቆይ እርጥቡ በቆሎ ወፍጮውን አፈነው። ሌሊሴ ልትጎረጉር ስታጎነብስ የነጠላዋን ጫፍ ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጊያ ያዘው፤ ክንዷን ጠቅልሎ ይጎትታት ጀመር። ሴቶቹ «ዻቢ! ዻቢ!» እያሉ አቁም ይላሉ፤ ማን ይስማቸው? ወደ ሞተሩ ክፍል ሮጬ ገባሁ። መካኒኩ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ መዳፉን ዘረጋ፤ ቆይ ማለቱ ነው። በብብቱ ሥር ሾልኬ ናፍጣውን ዘጋሁት።

የሌሊሴ ክንድ ተሰበረ፤ ነፍሷ ግን ተረፈች።

«ማን አዘዘሽ? ሞተሩን ልታበላሺው!» ብሎ መካኒኩ ጮኸብኝ።

ጋሽ ከድር ጥሏቸው እንዳይሄድ ፈርተው፣ «በይ ልጄ፣ ይቅርታ ጠይቂው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እሱ ሌሊሴን ይጠይቃት።»

ሥራዬን በዚያው አጣሁ። ዱቄት እንደለበስኩ፣ ቀና ብዬ በገበያው መሐል አልፌ ቤቴ ገባሁ። እናቴ እሸት ጠብሳ ሰጠችኝ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ እሸት የለም።

እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ተምሬአለሁ፤ ስለ ኮምፒውተር አላውቅም። የማያዳምጥ አዋቂ ግን አውቃለሁ። ትናንት ልጄን ጠርቼ ቃሌን መለስኩ፦ «የተሳሳተውን ካርድ ይዘሽ ሂጂ። ካልሰሙሽ ድገሚላቸው። ቢያባርሩሽ ቤቴ ቤትሽ ነው።»

ሌሊሴ ክንዷ ከዳነ በኋላ አኖ የሚባል አገር ተድራ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም። ግራ ክንዷ ትንሽ ጠመም ያለ ነው። የምታውቋት ካላችሁ፣ እንዴት እንደሆነች ንገሩኝ።