አባቴ ያልተጠየቀው ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት ምስር ስለቅም የእህቴ ልጅ ናትናኤል ስልኩን ይዞ መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ። ጅማ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለው ቤቴ በረንዳው ጠባብ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ሰፌዴን ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ። "አክስቴ፣ ጉድ ልንገርሽ" አለኝ። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ የጠፉ ቁጥሮች አሉ፣ ሆን ብለው ነው የቆረጧቸው እየተባለ ነው አለኝ። የሐዋርያት ሥራን ከፍቶም ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የተጠመቀበትን ቦታ አሳየኝ። ሠላሳ ስድስት አለ፣ ቀጥሎ ሠላሳ ስምንት አለ። ሠላሳ ሰባት የለም።

እሱ እንደ ትኩስ ወሬ ነው ያመጣልኝ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ምስሩን ከነሰፌዱ አስቀምጬ ጓሮ ገባሁ፤ ልጁ ምን አጠፋሁ ብሎ ግራ ገብቶት ቀረ። ምንም አላጠፋም። የዚያች ቁጥር ነገር ሲነሳ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። ሃያ ምናምን ዓመት አለፈው፤ ይበርድልኛል ብዬ ነበር፣ አልበረደልኝም።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልናገር። ጃንደረባው ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ሆኖ ፊልጶስ ከሚባል ሰባኪ ወንጌል ይሰማል። ውሃ ያለበት ሲደርሱ ከመጠመቅ የሚያግደው ነገር እንዳለ ይጠይቃል። ሠላሳ ሰባተኛው ቁጥር ላይ ፊልጶስ ከልቡ ያምን እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ እሱም ኢየሱስ የእግዚአብሔር ልጅ እንደሆነ ማመኑን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይመሰክራል። ሊሙ ገነት ባለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያናችን ይህ ነገር ወግ ሆኖ ነበር። ተጠማቂው ውሃው ውስጥ ይቆማል፣ ሽማግሌው የፊልጶስን ጥያቄ ይጠይቀዋል፣ ተጠማቂው ዳር ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማው የጃንደረባውን መልስ ጮክ ብሎ ይናገራል። የአገራችን ሰው የተናገረው ቃል ነው እያሉም ይኮሩበት ነበር። ሳይናገር የሚጠመቅ አልነበረም።

አባቴ ወልዴ ልብስ ሰፊ ነበር። መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራው የሐጂ አባ ዋሪ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ምላሱ ይያዝ ነበር። ቀላል መንተባተብ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ቃል ከወጣለት ሦስተኛው ጉሮሮው ላይ ተሰክቶ ይቀርና ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ድረስ ይታገለዋል። ከደንበኞቹ ጋር የሚግባባው በሜትሩና በእጁ ነበር። ጌታን ካመነ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ ግን አልተጠመቀም፤ ያችን መልስ ሰው ፊት እንዴት አድርጎ ይናገራል? የጌታ እራት ሲቀርብ ካልተጠመቁት ልጆች ጋር ተነስቶ ይወጣል። ሽበቱን ይዞ ከሕፃናት ጋር ግቢ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል።

በዚያ ዓመት ግን ቆረጠ። ክረምቱ እንደወጣ መልመድ ጀመረ፤ ዘዴም አገኘ። የመኪናውን መርገጫ እየረገጠ ቃሉን ከእግሩ ጋር ሲያስኬደው ምላሱ ይፈታለታል። የቡናው ፍሬ ሲቀላ፣ ለቀማው ሲጀመር፣ ገበሬው ሱሪና ኮት ሊያሰፋ ሲጋፋ፣ እሱ ያችኑ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከመኪናው ጋር ይላታል። ሐጂ አባ ዋሪ ከውስጥ ሆነው ይሰማሉ። ቃሉ ሲያዝበት ባንኮኒውን በእንጨት ሜትራቸው ቀስ እያሉ ይመቱለታል፣ ያኔ ይቀጥላል። "ማሎ፣ እባክህ ወልዴ" ይሉታል፣ "እኔ የማላምንበትን ነገር በቃሌ አስያዝከኝ እኮ፣ አስተግፊሩላህ።" ሁለቱም ይስቃሉ። የዚያን ዓመት ተጠማቂዎች ሁሉ የሚለብሱትን ነጭ ልብስ ከአቡጀዲ የሰፋው እሱ ነው። የራሱን መጨረሻ ላይ ሰፋ።

እኔ ያኔ ጅማ እንግሊዝኛ እማራለሁ። ከውጭ አገር የመጣ አስተማሪ ተጠማቂዎቹን ሊያስተምር ነውና መጥተሽ አስተርጉሚ ተባልኩ። ጥር ነበር። የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ በሰው መሐል ተጨንቄ ሄድኩ። መንገዱ ኮሮኮንች፣ ቀይ አቧራው በመስኮት ይገባል፤ በየደጁ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ያ ጣፋጭና ኮምጠጥ ያለ ሽታው እስከ ሊሙ ገነት አልተለየንም። መንገድ ላይ ስንቆም ከአንዲት ሴትዮ ትኩስ ጎደሬ ገዝቼ በዳጣ በላሁ። እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ጎደሬ የለም፤ አባቴ ሲናገር ልሰማ ነው የምሄደው።

አስተማሪው ወጣት ነው፣ ትሁት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱን ክፉ ማድረግ ቢቻል ለኔም በቀለለኝ። ቅዳሜ ዕለት የጃንደረባውን ታሪክ ከእንግሊዝኛው ሲያነብ፣ እኔም ሳስተረጉም፣ ከሠላሳ ስድስት ወደ ሠላሳ ስምንት ዘለለ። በጉባኤ አፉን ከፍቶ የማያውቀው አባቴ እጁን አነሳ። የአማርኛውን መጽሐፍ ይዞ መጥቶ የተዘለለችውን ቁጥር በጣቱ አሳየኝ።

አስተማሪውን ጠየቅኩት። ረጋ ብሎ አስረዳ። ሐዋርያት በእጃቸው የጻፉት አንድም አልተገኘም፤ ያለው ከግልባጭ የተገለበጠ ነው። በጣም አሮጌ በሆኑት ግልባጮች ላይ ይህ ቁጥር የለም፤ ሊቃውንቱ ኋላ የመጣ ገልባጭ የጨመረው ነው ይላሉ፤ ስለዚህ የእሱ እንግሊዝኛ ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ነው ያስቀመጠው። ከዚያም ቤተ ክርስቲያናችሁ እንዴት እንደምትጠቀምበት ውሳኔው የእናንተ ነው ብሎ ጨረሰ። እኔም ይህችን ጭምር አስተረጎምኩ። አንዲት ቃል አላስቀረሁም።

ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ዲንሳ "በእንግሊዝኛው የለም ማለት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። በዚህኛው የለም፣ እኛ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ባለው በአሮጌው እንግሊዝኛ ግን አለ፤ እንግሊዝኛውም እንደ እኛው ትርጉም ነው፣ መጽሐፉ መጀመሪያ የተጻፈው በግሪክ ነው አልኳቸው። ማን ሰምቶኝ! አዲሱ የተሻለ ነው፣ ተስተካክሎ ነው የወጣው ተባባሉ፤ የቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚመርጡ ነው የሚመስሉት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ? ፈረንጁ እንኳ ግርጌ ላይ ያቆየውን የኛዎቹ ከነሥሩ ነቀሉት። ከነገ ጀምሮ ጥያቄም መልስም የለም፣ በተጨመረ ቃል ሰው አናጠምቅም አሉ። ለዓመታት በማን ቃል ሲያጠምቁ ነበር? ራሳቸውስ በምን ተጠመቁ? ይህን የጠየቀ አልነበረም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ጋሽ ዲንሳ ወደ አባቴ ዞሩና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "ወልዴ፣ አንተማ ተገላገልክ!" አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ውለታ የዋሉለት መስሏቸው ነው እኮ! አባቴ አልሳቀም፤ መጽሐፉን አጥፎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እሑድ ጠዋት ወንዙ ዳር ተሰበሰብን። በጥር ውሃው ጥርት ይላል፣ ከታች ያለው ድንጋይ ይታያል። ተጠማቂዎቹ በየተራ እየገቡ፣ ብቅ ጥልቅ እያሉ ወጡ። የሚጠየቅ የለ፣ የሚመልስ የለ፤ ዳር የቆመው ሰው የሚሰማው የውሃውን ድምፅ ብቻ ነበር። የአባቴ ተራ ደረሰና ገባ። ጋሽ ዲንሳ ክንዱን ሲይዙት እጁን ደረታቸው ላይ አድርጎ አቆማቸው።

"ጠ... ጠይቁኝ" አለ።

ጋሽ ዲንሳ ዳር ወደ ቆመው ፈረንጅ አዩ። እሱ አማርኛ አይሰማም፣ ፈገግ አለላቸው። "አያስፈልግም ወልዴ፤ ዝም ብለህ ጎንበስ በል" አሉት።

አባቴ ደገመ። በዚህኛው ቃሉ ተያዘበት፤ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ ሲታገል ሁላችንም አየን። እኔ ከዳር ሆኜ "ጋሽ ዲንሳ፣ ይጠይቁት እንጂ!" ብዬ ጮህኩ። አንዱ ሽማግሌ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝና ሴት ልጅ በጉባኤ አትጮህም አለኝ። አባቴ ይህን ጊዜ ዞረ። ነጩ ልብሱ ውሃ እያንጠባጠበ በገበያው መሐል አቋርጦ ቤቱ ገባ።

አስተማሪው ሰውዬው ለምን ሄደ ብሎ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። ፊቱ ልውጥ አለ። "አትጠይቁ አላልኩም" አለ። አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ ያስተረጎምኩት አልኩት። ሽማግሌዎቹን ላናግር ቢልም ምሳ ቀርቧል፣ መኪናው እየጠበቀ ነው እያሉ አዋከቡት። በልቶ ሄደ፣ ተመልሶም አልመጣ። ሳምንት ሳይሞላ አስተርጓሚዋ ናት ያጠፋችው፣ ፈረንጁ ያላለውን ጨምራ ነው የሚል ወሬ ደረሰኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! የእኔን ትርጉም የተጠራጠሩት የራሳቸው ነውር ሲመጣ ነው፤ እንግሊዝኛውን ግን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልተጠራጠሩትም።

ጅማ ከመመለሴ በፊት በረንዳው ላይ አጠገቡ ቆምኩና "አባዬ፣ እኔ ልጠይቅህ?" አልኩት። መርገጫውን አቆመ። "አንቺማ ታ... ታውቂዋለሽ" አለኝ፤ "እነሱ ይጠይቁኝ።" ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎቹ በየዓመቱ ና ተጠመቅ ይሉታል፤ እሱ ትጠይቁኛላችሁ ወይ ይላቸዋል፤ አያስፈልግም ይሉታል። የጌታ እራት ሲቀርብ ከልጆቹ ጋር ግቢ መውጣቱ ቀጠለ።

እኔ ነገሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ ኋላ ብዙ አነበብኩ። አስተማሪው የተናገረው ልክ ነው፤ አሮጌዎቹ ግልባጮች ላይ ቁጥሩ የለም። ያልነገረን ደግሞ አለ። ከእነዚያ ግልባጮች ቀድሞ የኖረ አንድ የቤተ ክርስቲያን አባት ቃሉን ጠቅሶታል። ከሊቃውንቱም አንዳንዶቹ ቃሉ የተጀመረው ውሃ ዳር ነው ይላሉ። የጥንት ተጠማቂዎች እንዲህ ይጠየቁ፣ እንዲህም ይመልሱ ነበር፤ ወጉን የሚያውቅ ገልባጭ ጻፈው ይላሉ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ሐዋርያው ይጻፈው አይጻፈው እኔ አልፈርድም። ግን ጨመሩት የተባሉት እኮ እንደ አባቴ ውሃ ውስጥ የቆሙ ሰዎች ናቸው! እነሱ ሲናገሩት የኖሩትን ቃል ነው የኛ ሽማግሌዎች አባቴን ውሃ ውስጥ አቁመው የከለከሉት።

እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት አልፈው አባቴ በአንዱ ሐምሌ ሞተ። ዝናብ ነበር፣ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ጋሽ ዲንሳ ሊጸልዩ ወደ ጉድጓዱ ሲቀርቡ መሐል ገባሁ።

"ጋሽ ዲንሳ" አልኳቸው፣ "አሁን ይጠይቁት።"

ሐዘን አናቷ ላይ ወጣ ብለው ሊያስወጡኝ የሞከሩ ነበሩ። ጋሽ ዲንሳ በእጃቸው ከለከሏቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ዝናቡ መላጣቸው ላይ እየወረደ፣ የፊልጶስን ጥያቄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ድሮው አድርገው ጠየቁ። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። ሐጂ አባ ዋሪ ከወንዶቹ መሐል አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል፤ መልሱን እሳቸውም ያውቁታል። እኔም አውቀዋለሁ። አፌን አልከፈትኩም። በመጨረሻ አንዱ አካፋ አነሳ።

አባቴ በሞተ በዓመቱ ሌላ እንግዳ፣ ሌላ እንግሊዝኛ ይዞ መጣ። በእሱ መጽሐፍ ላይ ቁጥሩ አለ፤ ወጉም ተመለሰ። ዛሬ ሊሙ ገነት ልጆቹ ሁሉ ጮክ ብለው ይናገራሉ።

ናትናኤል ጓሮ ድረስ ተከትሎኝ ስለመጣ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ሰማኝና "አክስቴ፣ መቃብሩ ላይ ለምን አልመለስሽለትም? ሰላም ታገኚ ነበር" አለኝ። ሰላም! የሰውን ቃል ሳስተረጉም ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፣ ያን ቃል ግን ለማንም አላስተረጉምም። እኔ ብመልስላቸው ኖሮ ወልዴ መለሰ ብለው፣ ልባቸው አርፎ፣ ጭቃቸውን ጠርገው ቤታቸው ይገቡ ነበር። አልተመለሰላቸውም። እስከ ዛሬም አልተመለሰላቸውም።